ክረምት ክረምት ምን ትሠሪ ነበር?

ጎንደር፣ ማራኪ

እህትዓለም፣

እንዴት ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጠፋሁብሽ። እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ እንቅልፍሽን አጥተሽ ያረምሽልኝ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ውድቅ ሲሆን፣ ድካምሽን መና ያስቀረሁት መሰለኝ። ልነግርሽ ፊት አጣሁ። ይቅር በይኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከአምስት የግቢ ልጆች ጋር እቀመጣለሁ። እንደኛው ናቸው፤ ከቤተሰባቸው ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ሰው የለም። ላፕቶፕ ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሲቪያቸውን በስልክ ነው የሚጽፉት። ለኢራስመስ ሙንደስ (ለአውሮፓ የማስተርስ ስኮላርሺፕ) ገና ሳይመረቁ፣ በመጨረሻው ዓመት ማመልከት እንደሚቻል አንዳቸውም አያውቁም ነበር። በወር 1,400 ዩሮ እንደሚሰጥ ስነግራቸው አንዱ «ለኛ ዓይነቱም?» አለኝ። አባቱ የተማረ ልጅ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ይኸው ልጅ «ፕሮሰስ እናደርግልሃለን» ላሉት ደላሎች አባቱ በሬ ሊሸጡለት ነበር። ለጥቂት ነው የደረስንበት።

መረጃው እኮ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። የጠፋው አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አብሯቸው የሚያነብ ሰው ነው።

አንዷ የደምቢያ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ሞቲቬሽን ሌተሯ ልክ ለቀበሌ የሚገባ ማመልከቻ ነበር፦ «የድሃ ልጅ ስለሆንኩ እንድትተባበሩኝ።» እኔም ያኔ እንዲሁ ነበር የጻፍኩት። አንቺ ወረቀቱን ገለበጥሽና «ይሄን ተይው፤ ክረምት ክረምት ምን ትሠሪ ነበር?» አልሽኝ። እኔም ያንኑ ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ ከአባቷ ጋር ጣና ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ እንቦጭ ስትነቅል እንደነበር ነገረችኝ። የነቀሉት ቦታ በዓመቱ መልሶ ይሸፈናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ እንደሚቆይ የተማረችው ግቢ ከገባች በኋላ ነው። የአካባቢ ሳይንስን የመረጠችውም ለዚሁ ነው። ይህን ሁሉ ግን ለፈረንጅ የሚነገር ነገር አልመሰላትም!

አሁን እንደ አዲስ ጽፋዋለች። ሪኮመንዴሽን ለመጠየቅ አስተማሪዋ ቢሮ መግባት ፈርታ፣ አብሬያት ሄጄ በር ላይ ጠበቅኋት። ስትወጣ ፊቷ በርቶ ነበር። እኔ ያላገኘሁትን እሷ እንድታገኝ እንዴት እንደምመኝ አትጠይቂኝ።

ደብዳቤዋን አያይዤልሻለሁ። ማመልከቻው ጥር መጀመሪያ ላይ ይዘጋል። ሁለተኛው አንቀጽ አልጣመኝም፣ ግን ምኑ እንደሆነ ለይቼ መናገር አቃተኝ። አንቺ ታገኚዋለሽ። የኔን እንዳደረግሽው ሳትራሪ አርሚው።

ስልክሽ ካልተቀየረ ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። እሷም አጠገቤ ትሆናለች።

ናፋቂሽ