«ምን አስገባት?» ላልሽኝ

እማዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ?

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣ አለ። መሣሪያ የታጠቁ ልጃገረዶች በቴሌቪዥን አይተሽ «ሴት ልጅን እዚህ ውስጥ ምን አስገባት?» አልሽኝ። ያኔ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ስለዚሁ ሳነብ ከረምኩ።

ብዙ ሰው «ተታለው ነው» ወይም «ፍቅረኛዋን ተከትላ ነው» ብሎ ያልፋል። እኔን ይሄ ያናድደኛል። የስሪላንካን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 1983 በአገሪቱ አናሳ ብሔር በታሚሎች ላይ ጥቃት ተነስቶ ቤታቸው ተቃጠለ፣ ሰዎቻቸው ተገደሉ። «የታሚል ነብሮች» የሚባሉት የታሚል አማፂዎች ሴቶችን ማሠልጠን የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሟን የገደሉባት፣ ወታደር ይደፍረኛል ብላ ስትባንን የምታድር ልጅ ቤቷ ብትቀመጥስ ምን ያድናታል?

ሌላም አለ። ለብዙዎቹ ጫካው ካልመረጡት ባል ማምለጫም ነበር። ከቱርክ መንግሥት ጋር ሲዋጋ በኖረው በኩርዶቹ ድርጅት በፒኬኬ ውስጥ ለታጋዮች ጋብቻ ክልክል ነበር። ይህን ክልከላ እንደ እፎይታ ያዩት ሴቶች አሉ። እዚህ ላይ ስደርስ አንቺ ትዝ አልሽኝ። በ15 ዓመትሽ ሊድሩሽ ሲሉ ሌሊት ልትጠፊ ወጥተሽ ከደጅ የተመለስሽው። የምትሄጂበት ስላልነበረሽ። ያን ሌሊት «ነይ» የሚልሽ ቢኖር፣ ማን ነህ ብለሽ ትጠይቂው ነበር?

ሁሉም ወደው ገቡ እያልኩሽ አይደለም። ነብሮቹ ሕፃናትን፣ ሴቶቹንም ጭምር፣ ከወላጆቻቸው እየነጠቁ አሰልፈዋል። ይህን በምንም ምክንያት ይቅር ልለው አልችልም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን መጨረሻቸው ነው። ከሻዕቢያ ተዋጊዎች 30 በመቶ ገደማ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። በትግል ሜዳ የተመሠረተ ስንት ትዳር ፈረሰ! ምሽግ ውስጥ ከወንዱ እኩል የተኮሰችውን ሴት የባሏ ዘመዶች ለልጃችን አትሆንም አሏት። ያመለጠችው ማጀት ቁጭ ብሎ ጠበቃት።

እሑድ እደውልልሻለሁ። የዚያን ሌሊቱን ነገር ግማሽ ላይ ነው ያቆምሽው። እስኪ ጨርሰሽ ንገሪኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ