ለልጄ፦ ስለ ጤና ጥናቱ

ጅማ

ውድ ልጄ፣

በዩኒቨርሲቲያችሁ ስለ ወጣቶች ጤናና ደኅንነት በሚካሄደው ጥናት እንድትሳተፊ መጠየቅሽን ጽፈሽ ፈቃዴን ጠይቀሻል። 18 ዓመት ስለሞላሽ የእኔ ፊርማ አያስፈልግም፤ ከዚያ በታች ብትሆኚ ኖሮ የወላጅ ፈቃድና የራስሽ እሺታ አብረው ይጠየቁ ነበር። ስለዚህ የምጽፍልሽ ለመፍቀድ ወይም ለመከልከል ሳይሆን፣ ከተሳተፍሽ እንዴት ብትመልሺ እንደሚሻል ለመምከር ነው።

እዚሁ ጅማ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከከተማውና ከአካባቢው ገጠር የተመረጡ ከ13 እስከ 17 ዓመት የሆናቸውን ወጣቶች ለዓመታት የሚከታተል ጥናት ተጀምሮ ነበር። ተመራማሪዎቹ አባወራውን ብቻ ጠይቀው አልሄዱም፤ ልጆቹንም ራሳቸውን ጠየቁ። ምግብ በሚያጥርበት ቤት ችግሩን ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ልጆች እንደሚቀምሱት የታየው በዚህ መንገድ ነው። እኛ ወላጆች ብቻ ብንጠየቅ «በቤታችን ሁሉም እኩል ይበላል» ባልን ነበር፤ አብዛኞቻችንም ይህን የምንለው ከልባችን አምነን ነው።

በአገራችን «እንዴት ነሽ?» ላለ ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ማለፍ ወግ ነው፤ ምስጋናውን አትተዪ። መጠይቁ ግን ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ አስቸግሮሽ፣ ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሽ እንደሆነ ሲጠይቅሽ፣ የሆነውን እንደሆነው መልሺ፤ ሁሉም ተማሪ «ደህና ነኝ» ካለ፣ የምክር አገልግሎት ያስፈልጋል ብሎ የሚከራከር ሰው ማስረጃ ያጣል። በፈተና ሰሞን ጫት ቅመሽ ከሆነም ጻፊው (እሱን እኔና አንቺ ለብቻችን እንነጋገርበታለን)።

ከመፈረምሽ በፊት መልስሽን ማን እንደሚያየው፣ በስምሽ ፋንታ መለያ ቁጥር መኖር አለመኖሩን፣ ደም ከተወሰደም የት እንደሚቀመጥ ጠይቂ። ያልፈለግሽውን ጥያቄ መዝለልም ሆነ በፈለግሽ ጊዜ ማቋረጥ መብትሽ ነው። ጠያቂው ውጤት የሚሰጥሽ መምህር ከሆነ ግን፣ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብድ፣ ሌላ ሰው እንዲያነጋግርሽ አመልክቺ።

እንዲህ ያለውን የረጅም ጊዜ ጥናት ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ፣ ወጣቶች ተመርቀው፣ ሥራ ይዘው ወይም አግብተው ሲሄዱ አድራሻቸው መጥፋቱ ነው። አንቺም ሲም ካርድ መቀያየር ስለምታበዢ፣ የቅርብ ዘመድ ስልክ ሲጠይቁሽ የእኔን ስጫቸው፤ ደውለው ካጡሽ መልእክቱን አደርስልሻለሁ።

እናትሽ