እርሳስ ምን አጠፋ?

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣

የምጽፍላችሁ አንድ ታሪካዊ ቦታ ላይ በእርሳስ እንዳንስል ስለተከለከልን ነው። የምኖረው እንጦጦ ግርጌ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ነው። የስዕል መምህር ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ይዤ ሽቅብ እንወጣለን። ደብተርና እርሳስ እንይዛለን። ስልክ ያለውም ይዞ ይመጣል፤ አልከለክልም።

እንጦጦ ማርያምን ታውቋታላችሁ። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን ናት። ልጆቹን «ቅርጿ ምን ዓይነት ነው?» ስላቸው «ክብ» ይላሉ። ፎቶ አንስተዋት እንኳ ክብ ናት ብለው ድርቅ ይላሉ! እርሳስ ሲይዙ ግን ነገር ይመጣል። ከፊት ያለው ግድግዳ ሰፊ ነው። ግራና ቀኙ ጠበብ ብለው ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ክብ ቢሆን እንዲህ ማዕዘን ከየት ይመጣል? አንዷ ተነስታ ዞራ ትቆጥራለች። ስምንት ጎን።

የምኒልክ ቤተ መንግሥት ጋ ስንደርስ ደግሞ «ቤተ መንግሥት የሚሉት ይሄን ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አይፈረድበትም፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ነው። ያኔ የምወዳትን ሥራ እሰጣቸዋለሁ፦ «ባህር ዛፉን አውጡና ሳሉ።» ቤተ መንግሥቱ በ1870ዎቹ ሲሠራ ባህር ዛፍ ገና አገራችን አልገባም ነበር። የመጣው ኋላ ነው፣ ከተማዋ ወደ ታች ወርዳ ማገዶ ሲጠፋ፤ በማገዶ እጦት ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ልጆቹ ከጀርባው ባዶውን ጋራ ሲስሉ ጥያቄው ይዘንባል። ነፋሱን ምን ይመልሰው ነበር? እንጨቱስ ከየት ይመጣ ነበር? ለምን ወረዱ? ስለ ብርዱ፣ ስለ እቴጌ ጣይቱና ስለ ፍልውሃ የምናወራው እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብለን ነው። ክፍል ውስጥ ብነግራቸው ያዛጉብኝ ነበር።

ፎቶን ማጣጣሌ አይደለም። ቦያጂያኖችን የመሰሉ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ባይኖሩ የዚያን ዘመን ሰዎች መልክ ከየት እናውቅ ነበር? እኔም ክረምት ላይ የውሃ ቀለም አልደርቅ ሲለኝ ፎቶ አንስቼ ቤት እጨርሳለሁ። ብቻ ፎቶው ነጩን ግድግዳ ነጭ አድርጎት ቁጭ ይላል። ጠዋት ቆሞ ላየው ጥላው ሰማያዊ ነው።

አሁን ለመጻፍ ወዳነሳሳኝ ነገር ልምጣ። ስሙን ወደማልጠራው አንድ ታሪካዊ ቦታ ከልጆቹ ጋር ቲኬት ቆርጠን ገባን። ደብተር ስናወጣ ጥበቃው መጣ። «ጋሼ፣ ለመሳል ፈቃድ ያስፈልጋል።» በዙሪያችን ሰው ሁሉ ስልኩን ደቅኖ ያነሳል። ፈቃዱን ማን ይሰጣል ስለው «እኔ የታዘዝኩትን ነው፤ አለቆችን ይጠይቁ» አለኝ። አለቆቹ ደግሞ ቅዳሜ አይገቡም። ጥበቃው ላይ አልፈርድም፤ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ሁሉን መከልከል ይቀለዋል።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሰዎች አንድ መስመር ጽፈው ቲኬት መቁረጫው ላይ ይለጥፉልን፦ በእርሳስና በደብተር መሳል ይፈቀዳል። ቀለም ይፈሳል ካሉ ቀለም ይከልክሉ። መተላለፊያ የሚዘጋ የስዕል ማቆሚያም ይከልክሉ፤ ትክክል ነው። ትምህርት ቤቶችም ልጆቹን በአውቶቡስ አምጥታችሁ በሩጫ አዙራችሁ አትመልሷቸው። እያንዳንዱ አንድ መስኮት መርጦ ይሳል። ወረቀት ካጠረ እኔ ጋ አለ።

ጡረተኛው የስዕል መምህር
ከእንጦጦ ግርጌ