ቅዳሜ የሙቀት መጋረጃችንን እንሰፋለን

ሰላም የክበባችን አባላት፣

የፊታችን ቅዳሜ የሙቀት መጋረጃውን፣ ማለትም የዓለም ሙቀት ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለወጠ በቀለም የሚያሳየውን ጨርቅ፣ አብረን እንድንሰፋ ልጠራችሁ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ 8፡00፣ ቦታው መሰብሰቢያ ክፍላችን።

መነሻችን እንግሊዛዊው የአየር ንብረት ሳይንቲስት ኤድ ሃውኪንስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው፣ ሙቀትን በቀለም መስመሮች የሚያሳይ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ዓመት አንድ መስመር ነው። ከአማካዩ የቀዘቀዘው ሰማያዊ፣ የሞቀው ቀይ። ቁጥር የለውም፣ ጽሑፍ የለውም፤ ሕፃን ልጅ እንኳ አይቶ ይገባዋል።

እኛ ከ1965 እስከ 2024 ያለውን የዓለም ሙቀት በ60 ቁራጭ ጨርቅ እናሳያለን። የአንዱ ቁመት 2 ሜትር፣ ወርዱ 10 ሳንቲ ሜትር። ትናንት ማታ የመጨረሻዎቹን 10 ቆርጬ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። አንድም ሰማያዊ የለም። 10ሩም እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቁ ዓመታት ናቸው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

መቀስ፣ መርፌና ክር ያዙ። አሮጌ አንሶላ፣ ነጠላ ጨርቅ፣ ያለቀ ቲሸርት፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ሁሉም ይሆናል። አዲስ ግን እንዳትገዙ አደራ። ቀይ በጣም ያጥረናል።

የምንወስነው አንድ ነገር አለ፦ አጥሩ ላይ ይሰቀል ወይስ ኮሪደሩ ውስጥ? እኔ ኮሪደሩን እመርጣለሁ፤ ሰው 6 ሜትሩን ከሰማያዊ ወደ ቀይ እየተራመደ ያልፋል።

የምትመጡና የስፌት መኪና ያላችሁ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።