«ሠራተኛ ጠፋ» ስለሚባለው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በቃሊቲ፣ በገላንና በዱከም መስመር ፋብሪካ ያላቸው አሠሪዎች «ሠራተኛ ጠፋ» እያሉ የሚያሰሙት ቅሬታ በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲስተጋባ እሰማለሁ። ነዋሪነቴ በዚሁ መስመር ቱሉ ዲምቱ ላይ ነውና ጉዳዩ በግማሹ ብቻ እየተነገረ መሆኑን ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ።

በአካባቢያችን ባለ አንድ ፋብሪካ በር ላይ «የልብስ ስፌት ማሽን ኦፕሬተር እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ ዝናብና ፀሐይ እስኪያደበዝዘው ድረስ ተለጥፎ ቆይቷል። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ አደባባዩ ዳር፣ አካፋና ዶማ የያዙ ወጣቶች ከንጋት ጀምረው የቀን ሥራ ይጠባበቃሉ። ማስታወቂያው የትምህርት ደረጃንና የሥራ ልምድን ከዘረዘረ በኋላ ደመወዙን «በስምምነት» ብሎ ያልፈዋል፤ ስምምነቱ ስንት ላይ እንደሚያልቅ ግን ሥራውን ለቀው የወጡት ለሰፈሩ ሁሉ ነግረዋል። ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ ከሦስትና ከአራት ጓደኞቿ ጋር በአንድ ክፍል ተዳብላ፣ ኪራይና አስቤዛ ከፍላ ለቤተሰቧ የምትልከው ሲያጥራት፣ ጥቂት ወራት ሠርታ ወይ ወደ አገሯ ትመለሳለች፣ ወይ ወደ ዐረብ አገር ታቀናለች። ፋብሪካውም ሌላ ልጅ ቀጥሮ ከሀ ብሎ ማሠልጠን ይጀምራል።

የቀን ሥራው ገበያ በአንጻሩ ዋጋውን ፈጥኖ ያስተካክላል። ክረምት ሲገባ ግንባታው ስለሚቀዘቅዝ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይወርዳል፤ በኅዳር ደግሞ ብዙዎቹ ለአጨዳ ወደየመጡበት ስለሚመለሱ፣ አርማታ ሊያስሞላ የመጣ ተቋራጭ እያጉረመረመም ቢሆን ጨምሮ ይከፍላል። ሠራተኛ ጠፋ ብሎ መግለጫ ሲሰጥ ግን አላየሁም።

ፋብሪካዎቹ ሰበብ ብቻ ነው የያዙት አልልም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ምርታቸውን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው ሕግ፣ ተጠቃሚነት ከወጣች ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የሚያመርቱት ተጎድተዋል። ይሁንና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲተው፣ ምርቱን በዶላር ሸጦ ደመወዝ በብር የሚከፍል ላኪ የሠራተኛ ወጪው በዶላር ሲሰላ በእጅጉ ቀንሶለታል። ጨርቁና ክሩ ከውጭ ስለሚገባ ልዩነቱ በሙሉ ትርፍ ነው ማለት አይቻልም፤ ቢያንስ ከፊሉ ግን ወደ ደመወዝ ሊዞር ይችል ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም ደንግጓል። ዓመታት ቢቆጠሩም በግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ተበጅቶ አላየንም። የሚመለከተው አካል ደንቡ የት እንደደረሰ ለሕዝብ ቢያሳውቅ መልካም ነው። የእናንተም ዘጋቢዎች ስለ ሠራተኛ እጥረት ቅሬታ ሲቀርብላቸው፣ መነሻ ደመወዙ ስንት እንደሆነና ባለፈው ዓመት ከተቀጠሩት መካከል ስንቱ አሁንም በሥራ ላይ እንዳሉ ጠይቀው መልሱን አብረው ቢያትሙልን እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ