የፕሮስቴትና የፊኛ ካንሰር፦ ጉቶው ሲቀር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰሞኑን በከተማችን ዳርቻ «ስቴም ሴል (ሌሎች ሴሎችን የሚያፈልቅ እናት ሴል) ተወግቶ የፕሮስቴት ካንሰር ይድናል» እየተባለ ይወራል። መሬት ሸጦ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብ ቤተሰብ አንድ ነገር ይወቅልን። በዚህ ካንሰርና በሽንት ፊኛ ካንሰር ላይ የሚደረገው የስቴም ሴል ምርምር በዋናነት የሚያተኩረው ካንሰሩን መልሰው የሚያበቅሉትን፣ የካንሰር ስቴም ሴል የሚባሉትን ሴሎች ለይቶ መግደል ላይ ነው።

ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ የሱሉልታ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ግንዱ ይወድቃል፤ ዝናብ ሲያገኝ ጉቶው ያቆጠቁጣል። እ.ኤ.አ. በ2005 የእንግሊዙ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ጉቶው ያሉትን እነዚህን ስቴም ሴሎች ከፕሮስቴት ካንሰር ናሙና ለይተው አወጡ፤ ብዛታቸው ከ1,000 ሴል 1 ያህል ነበር። የሆርሞን መርፌ የሚያደክመው በወንዴ ሆርሞን የሚኖሩትን ብዙኃኑን ሴሎች ነው። ፒኤስኤ የተባለውን፣ በደም ምርመራ የሚለካውን የፕሮስቴት ፕሮቲን የሚያመነጩትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ፒኤስኤ ከ80 ወደ 1 ሲወርድ ደስ ይበለን፤ ጉቶው ግን በዚያ የደም ምርመራ አይታይም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አባት ሽንታቸው ሲወርድላቸው፣ የወገብ ሕመሙ ሲተዋቸው፣ በታክሲ መመላለሱ ይሰለቻቸዋል። ጎሰረሊን የተባለው የሆርሞን መርፌ ግን 3.6 ሚሊ ግራሙ በየ28 ቀኑ፣ 10.8ቱ በየ12 ሳምንቱ ነው የሚወጋው። ቀኑ ሲያልፍ ሆርሞኑ መልሶ ሊያንሰራራ ይችላል። ቀጠሮው ከፋሲካ ጋር ከተጋጨ አስቀድማችሁ አስቀይሩ።

የፊኛ ካንሰርም ዕጢው ተፍቆ ሲወጣ ሽንቱ ይጠራና ሰው ዳንኩ ይላል። በ3ኛው ወር ፊኛው በካሜራ መታየት አለበት። ቢሲጂ (ከተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ የተሠራ መድኃኒት) የታዘዘለት ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ለ6 ሳምንት በካቴተር፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ፣ ፊኛው ውስጥ ይገባለታል፤ 2 ሰዓት ያህል ይዞ መቆየት ስላለበት ቀደም ብሎ ብዙ ውኃ አይጠጣ። ሽንቱ በዓይን የሚታይ ደም ካለው ወይም ኢንፌክሽን ካለበት ሳይደብቅ ይናገር፤ ባክቴሪያው ሕያው ስለሆነ ወደ ደም ሊገባበት ይችላል። በግቢው የጋራ ሽንት ቤት ከሆነ የሚጠቀመው፣ ከሕክምናው በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት በሸና ቁጥር ተቀምጦ ይሽና፤ በእያንዳንዱ ጊዜ በረኪና ጨምሮ 15 ደቂቃ ይጠብቅ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ በኬሞ የሚሞቱ የፊኛ ካንሰር ሴሎች የሚለቁት ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለ ንጥረ ነገር የተኙትን ስቴም ሴሎች እንደሚቀሰቅስ፣ ሴሌኮክሲብ የተባለው የሕመም ማስታገሻም ይህን እንደሚገታ አሳይቷል። ውጤቱ የታየው በአይጥ ላይ ነው፤ ማንም ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ አይዋጥ፣ ልብንና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

ጋዜጣችሁም የስቴም ሴል ዜና ሲያወጣ ሁለት ነገር ይጻፍልን፦ ሙከራው በሰው ነው በአይጥ? ሴሉ የተወጋ ነው ወይስ የተገደለ?

የካንሰር ሕክምና ባለሙያዎች
ከሱሉልታ