ሃያ ሰከንድ የቆምሽበት ድንጋይ

እህቴ፣ እንደምነሽ?

አቦ፣ ዝም ማለቴን አውቀዋለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ስትወልጂ እንኳን «ማርያም ማረችሽ» አላልኩሽም። ሰበብ አልደረድርም፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ልጅሽን ሳሚልኝ። አሁንም የምጽፍልሽ አንድ ነገር ቢያስጨንቀኝ ነው።

ከባቢሌ አጠገብ ባለው የድንጋዮች ሸለቆ፣ በዳከታ ያነሳሁሽ ፎቶ ናት። ያቺ በኅዳር፣ ጨረቃ በሌለችበት ማታ፣ ድንጋዩ ላይ ቆመሽ። ለመውጣት ስትሮጪ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀብሽ፣ ጫማሽን ቀድመሽ ወረወርሽው! ያኔ «ሃያ ሰከንድ አትነቃነቂ» ያልኩሽ ዝም ብዬ አልነበረም። ሌንሱ 24 ሚሊሜትር ነው። በፎቶ አንሺዎች ደንብ 500ን ለ24 ስታካፍዪ ሃያ ሰከንድ ገደማ ይመጣል። ከዚያ ካለፈ ምድር ስለምትዞር ኮከቡ ነጥብነቱ ይቀርና ጭረት ይሆናል። አንቺም ንቅንቅ አላልሽም። የነጠላሽ ጫፍ ብቻ ነፋስ ነክቶት ደብዘዝ ብሏል። እኔ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው።

መጀመሪያ እዚሁ ሐረር፣ የሠርግ ፎቶ የሚያትም ቤት ወሰድኩት። ልጁ «ጠቁሮብሻል» ብሎ አበራልኝ። ሌሊቱ አመድ ሆነ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ልኬ በጥጥ ወረቀት፣ ቶሎ በማይደበዝዝ ቀለም አሳተምኩት፣ 34 በ51 ሳንቲሜትር። ስቀበለው ጥቁሩ ጥቁር ነው። ከድንጋዩ በላይ ካሲዮፒያ የሚሏት የከዋክብት ስብስብ አለች። ከእሷም ከፍ ብሎ የስንዴ ፍሬ የምታክል ጭጋግ፣ አንድሮሜዳ ጋላክሲ። ያ ብርሃን ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። መጥቶ አንቺ አናት ላይ አረፈ።

ያኔ ጀምሬ ያልጨረስኩልሽን ታሪክም አሁን በደንብ አንብቤዋለሁ። ግሪኮቹ ካሲዮፒያን የኢትዮጵያ ንግሥት ናት ይላሉ። ኢትዮጵያቸው የት እንደሆነች ግን እነሱም አይስማሙም፣ ታሪኩን ወደ ባሕር ወደቧ ኢዮጴ (ያፋ) የሚወስዱትም አሉ። ንግሥቲቱ በውበት ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን ብላ ተኩራራች። በእሷ ጥፋት ልጇ አንድሮሜዳ ለባሕር አውሬ ተብላ ከዓለት ጋር ታሰረች። ጀግናው ፐርሲየስ ደርሶ አዳናት። የእናትየው ቅጣት ደግሞ ከነዙፋኗ ሰማይ ላይ መዞር ሆነ፣ ግማሹን ጊዜ ቁልቁል ተዘቅዝቃ።

አሁን ስሚኝ። በዛሬዋ ግሪክ ሰማይ አትጠልቅም፣ ስለዚህ ውርደቷን ሁሉም ያየዋል። እኛ ጋ ግን የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ስለዚህ እያዘነበለች ትሄድና ሙሉ በሙሉ ከመዘቅዘቋ በፊት ትጠልቃለች። ሐረር ላይ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ተዘቅዝቃ ያያት ሰው የለም! ያንቺም ፎቶ ላይ ቀና ብላ ነው ያለችው። ይሄ የገባኝ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጭንቀቴ ምን መሰለሽ… ጀጎል ውስጥ እንግዳ የምታሳድር ሴትዮ ፎቶውን ልትገዛኝ ነው። ግድግዳዋ ላይ፣ ከስፌቶቹ መሃል ልትሰቅለው። ስሙን «አንድሮሜዳ» በይው አለችኝ። እኔ ከበደኝ። አንቺን ማንም አላሰረሽም፣ በገዛ እግርሽ ነው የወጣሽው። ደግሞ ፊትሽ ባይታይም እናትሽ አቋቋምሽን ካዩ ይለዩሻል። ሳልጠይቅሽ እንዴት እሸጥሻለሁ?

እ… አንዱንማ ሳልጠይቅሽ ሰቅዬዋለሁ። መኝታ ቤቴ፣ ከበሩ ትይዩ። ጠዋት ጠዋት አይሻለሁ። መጻፍ ያቃተኝም በእሱ ይመስለኛል፣ ያየሁሽ እየመሰለኝ።

ከአምስት በላይ አላትምም። እያንዳንዱን በእርሳስ ቁጥር ጽፌ እፈርምበታለሁ። አንደኛው ያንቺ ነው፣ ባትፈቅጂም ያንቺ ነው። ለሴትዮዋ ግን እምቢ ካልሽ እምቢ ነው፣ ቅር አይለኝም። ስሙንም አንቺ አውጪለት።

ኅዳር ደግሞ እየመጣ ነው። ልጅሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ትወጫለሽ። ያንን ነጠላ አልጣልሽውም አይደል?

ያንቺው